ጎረቤቱን ሳይነኩ አንድ ቢት ማብራት

ከሐሙሲት ወደ ወረታ የሚወስደው አስፋልት ጉማራን የሚሻገርበት አካባቢ የደራና የፎገራ መገናኛ ነው፤ የደራዋ ከተማ አንበሳሜ ከመንገዱ ገባ ብላ ትገኛለች። ሜዳው በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽንኩርትና ጓያ ያበቅላል፤ ጓያው በመሬቱ እርጥበት ሲኖር ሽንኩርቱ ግን ፓምፕ ይጠይቃል። እንግዲህ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ለዚህ ሜዳ በአርዱዊኖ ኡኖ የሚታዘዝ አነስተኛ የሶላር ፓምፕ ይሥራ እንበል። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ፍሎት ስዊች፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሌላ ፍሎት ስዊች፣ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ ሪሌይ አለው። ፍሎቶቹ በፒን 2 እና 3፣ ሪሌዩ በፒን 5 ተያይዘዋል። ፒን 0 እና 1 ከኮምፒውተር ጋር መነጋገሪያ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአትሜጋ 328ፒ ቺፕ ውስጥ ፖርትዲ በሚባል አንድ ባለ 8 ቢት ሬጅስተር ይኖራሉ። ስምንት ቤት ያለው አንድ ግቢ ነው።

የሲ ቋንቋ ተማሪዎች የሚከራከሩበት ጥያቄ እዚህ ይነሳል። «የፒን 5ን ቢት ብቻ አብራ» ለማለት ቁጥሩ እንዴት ይጻፍ? 32 ይባል? ሄክሳ 20? ወይስ ቢቶቹ አንድ በአንድ ተዘርግተው 00100000? ወይስ 1 ወደ ግራ አምስት ጊዜ ተገፍቶ (1 << 5)? ለቺፑ አራቱም አንድ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ ወደ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይለውጣቸዋል። ልዩነቱ ለሚያነበው ሰው ነው። እኔ ግን ክርክሩ ከሚገባው በላይ ጊዜ ወስዷል ባይ ነኝ፤ ፕሮግራሙን የሚያበላሸው ከቁጥሩ አጻጻፍ ይልቅ በቀሪዎቹ ሰባት ቢቶች ላይ የሚደርሰው ነገር ነው። ቢሆንም ከአጻጻፉ እንጀምር፣ እሱም የራሱ ወጥመድ አለውና።

ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤል ቤተ ሙከራ የተወለደ ሲሆን ቁጥርን በአሥርዮሽ፣ በሄክሳና በኦክታል መጻፍ ይፈቅዳል። ሁለትዮሽን ግን ለሃምሳ ዓመታት ያህል መደበኛ አላደረገውም። ቢት በቢት የሚሠራ ቋንቋ ቢትን እንዳለ መጻፊያ አለማዘጋጀቱ ይገርማል። ክፍተቱን ኮምፓይለር ሠሪዎች በየራሳቸው ሞሉት፤ ጂሲሲ በ2008 ከወጣው 4.3 ስሪቱ ጀምሮ ከቁጥሩ ፊት ዜሮና ቢ ተጽፎ ሁለትዮሽ እንዲባል ፈቀደ። ሲ ፕላስ ፕላስ በ2014 መደበኛው ውስጥ አስገባው። ሲ ራሱ የተቀበለው 2023 ተብሎ በሚጠራው፣ በ2024 በታተመው መደበኛ ነው። አርዱዊኖ በበኩሉ በካፒታል ቢ የሚጀምሩ ስሞችን ከዜሮ እስከ 255 ላሉት ቁጥሮች፣ በግራ ዜሮ የሚጨመርባቸውንም ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ጽፎ ከአምስት መቶ በላይ ስም የያዘ ፋይል አዘጋጅቶ ነበር። ከስምንት ቢት በላይ የማይሄድ መላ ስለሆነ ዛሬ አርዱዊኖ ራሱ በመደበኛው አጻጻፍ ተኩት ይላል። ለ8051 የተሠሩ ቆየት ያሉ ኮምፓይለሮች የሚጠቀም ሰው ግን እስካሁን ዜሮ-ቢን የማይቀበል ሊገጥመው ይችላል።

ወጥመዱ ወዲህ ነው። ተማሪው ዜሮ-ቢ ማለቱን ይረሳና 00100000 ብሎ ብቻ ይጽፋል። ኮምፓይለሩ ስህተት ብሎ አይመልሰውም። በሲ ሕግ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ኦክታል፣ ማለትም በስምንት መሠረት የተጻፈ ነው። ስለዚህ 00100000 ማለት 8 ለአምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 32768 ነው። ይህ ቁጥር ወደ ስምንት ቢት ሬጅስተር ሲገባ የታችኛው ባይት ብቻ ይተርፋል፤ የታችኛው ባይቱ ደግሞ ባዶ ነው። ሪሌዩ ምንም አይሰማም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ይሠራል፤ 00000001 በኦክታልም 1 ነው። 00000010 ግን 8 ይሆንና ፒን 1ን ትቶ የፒን 3ን ቢት ያበራል። 00000100 ደግሞ 64 ሆኖ የፒን 6ን። ቀመሩ ግልጽ ነው፤ ያሰብከው ቢት ቁጥሩ በሦስት ተባዝቶ ሌላ ቦታ ይወጣል፣ ከሰባት ካለፈ ደግሞ ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሽቦ ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል። ሚስራ የሚባለው፣ ለመኪና ኢንዱስትሪ የተዘጋጀው የሲ ደንብ፣ ኦክታል ቁጥርን ጨርሶ የከለከለው በከንቱ አይደለም።

ከአራቱ አጻጻፎች አንዱን ለሁሉም ጊዜ መምረጥ አያስፈልግም፤ ቦታ ቦታቸውን ይዘው መሄድ ይችላሉ። ሬጅስተር ውስጥ ስም ላለው ነጠላ ቢት (1 << 5) የሚለው ይሻላል፤ 5 በሚለው ፈንታ የፒኑ ስም ሲገባ ደግሞ የበለጠ ይነበባል። የአትሜጋ አምራች ለየቢቱ ስም ሰጥቶ ራስ ፋይሎቹ ውስጥ አስቀምጧል፤ ዳታሺቱን የከፈተ ሰው ያንኑ ስም ያገኛል። ረጅም ማስክ (የሚነኩትን ቢቶች የሚመርጥ ቁጥር)፣ በተለይ ባለ 32 ቢት፣ በሄክሳ ይጻፍ፤ ሠላሳ ሁለት ዜሮና አንድ በተርታ የሚቆጥር ዓይን የለም። አሥርዮሽ ለቢት ሥራ አይሆንም፤ 168 ሲባል የትኛዎቹ ቢቶች እንደበሩ ወዲያው የሚናገር ሰው ካለ እሰየው። ለየቀኑ ሥራ ከሆነ ይሄው ነው።

ዜሮ-ቢ ተወዳዳሪ የማይገኝለት ቢቶቹ ሥዕል ሲሆኑ ነው። ይህን የሚያሳይ ከእኛ ፊደል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በየፕሮጀክቱ የምናያት ባለ ሁለት መስመር፣ ባለ አሥራ ስድስት ፊደል ኤልሲዲ የምትሠራው ኤችዲ 44780 በሚባለው የሂታቺ መቆጣጠሪያ ወይም በአምሳያው ነው። በውስጧ ላቲን አላት፤ ግዕዝ የላትም። ነገር ግን ተጠቃሚው ራሱ የሚስላቸው ስምንት ፊደላት የሚቀመጡበት 64 ባይት ማህደር ሰጥታለች። እያንዳንዱ ፊደል አምስት ነጥብ ወርድ፣ ስምንት ነጥብ ቁመት አለው። «ሃ»ን እንሳል፦

10001
10001
10001
10001
01111
00001
00001
00000

ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ዜሮ-ቢ ይጨመርና ፕሮግራም ነው፤ ፊደሉ ራሱ ገጹ ላይ ቆሞ ይታያል። የቀኙ እግር አጠረ ቢባል የትኛው መስመር ላይ 1 እንደሚጨመር ለማወቅ ማስላት አያስፈልግም። ይኸው በአሥርዮሽ 17፣ 17፣ 17፣ 17፣ 15፣ 1፣ 1፣ 0 ነው። ከዚህ ውስጥ «ሃ»ን የሚያይ ካለ ይምጣ።

ስምንት ቦታ ለሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል መቀለጃ ይመስላል። ለአንድ ፓምፕ ግን ይበቃል። «ውሃ ሞላ» እና «ውሃ አለቀ» የሚሉት ሁለት መልእክቶች የሚፈልጉት ው፣ ሃ፣ ሞ፣ ላ፣ አ፣ ለ እና ቀ ናቸው፤ ሰባት። አንድ ቦታ ይተርፋል። ለአርሶ አደር የሚሠራ መሣሪያ በእንግሊዝኛ የሚያወራበትን ሰበብ እዚህ ላይ አልቀበልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ተማሪው ቁጥሩን በትክክል ጻፈ፤ ቀጥሎስ? ሁለት መንገድ አለው፦

ፖርትዲ = 32
ፖርትዲ |= 32

የመጀመሪያው ግቢውን በሙሉ ይሰጠዋል፤ ፒን 5 ይበራ፣ ሌላው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። ሁለተኛው ያለውን አንብቦ፣ ከ32 ጋር በኦር አዋህዶ መልሶ ይጽፋል፤ የበራው እንደበራ ይቀራል። የመጀመሪያው ለምን ይጎዳል? ፍሎቶቹ መግቢያ ናቸው፤ መግቢያን በፖርትዲ ማጥፋት ምን ያመጣል የሚል አለ። አትሜጋን በሚያካትቱት ኤቪአር ቺፖች መግቢያ በሆነ ፒን ላይ በፖርት ሬጅስተሩ 1 መጻፍ የውስጡን ፑልአፕ ያበራል፤ ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም የሆነ ተቃውሞ ፒኑን ወደ 5 ቮልት ይስበዋል። የጉድጓዱ ፍሎት ውሃ ሲኖር ተዘግቶ ፒኑን ወደ ዜሮ ያወርዳል፤ ውሃ ሲያልቅ ይከፈትና ፑልአፑ ወደ 1 ይመልሰዋል። ሽቦው ቢቆረጥም 1 ይነበባል፣ ፓምፑም ይቆማል፤ ደህና አሠራር ነው። ተማሪው ፖርትዲ = 32 ባለ ቅጽበት ግን ሁለቱም ፑልአፖች ይጠፋሉ። የተከፈተው ፍሎት ፒን የሚይዘው አጥቶ በአየር ይንሳፈፋል፤ አንዴ 0 አንዴ 1 ያነባል። ፓምፑ ደረቅ ጉድጓድ ላይ ይዞራል። ጥፋቱ የተሠራው ሪሌዩን በሚመለከተው መስመር ላይ፣ ጉዳቱ የደረሰው በፍሎቱ ላይ ስለሆነ ፈላጊው ጠረጴዛውን ገልብጦ ቢያይም ቶሎ አያገኘውም።

ስለዚህ ለማብራት |= እና ማስኩ፣ ለማጥፋት &= እና የማስኩ ግልባጭ በ~፣ ለመገልበጥ ^=፣ ለመጠየቅ &። ይህን የትኛውም የመጀመሪያ ትምህርት ያስተምራል። የማይነገረው ቢቶች በቡድን ሲሆኑ ነው።

ለዚህም ፊደላችን ይመሰክራል። ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 ስሪቱ ግዕዝን ሲያስገባ ፊደሉን ከሄክሳ 1200 ጀምሮ በስምንት በስምንት ደረደረው። ሀ 1200፣ ለ 1208፣ ሐ 1210፣ መ 1218 እያለ ይሄዳል። ስምንት ማለት ሦስት ቢት ነው። በዚህ የተነሳ የማንኛውም ፊደል የታችኞቹ ሦስት ቢቶች ሥርዓቱን ይናገራሉ፦ ግዕዝ 000፣ ካዕብ 001፣ ሣልስ 010፣ ራብዕ 011፣ ኃምስ 100፣ ሳድስ 101፣ ሳብዕ 110፤ 111 ደግሞ እንደ ሏ እና ቧ ላሉት። አንድ ፊደል ስንተኛ እንደሆነ ለማወቅ ሠንጠረዥ አያስፈልግም፤ & 7 ማለት ይበቃል። የአማርኛ ቃላትን ሥር ለማውጣት የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉንም ወደ ግዕዝ ለማውረድ & ~7 ይላል፣ አለቀ።

ታዲያ «ቡ»ን ወደ «ቢ» መለወጥ የፈለገ ሰው ሣልስ 010 ነው ብሎ በኦር ቢጨምረው ምን ይወጣል? ቡ 001 ነበር። 001 እና 010 በኦር 011፤ «ባ» ወጣ። «ቡ»ን «ቤ» ለማድረግ 100 ቢጨምር 101፤ «ብ»። «ብ»ን «ቦ» ለማድረግ ቢሞክር 111፤ «ቧ»። ኦር ማብራት እንጂ ማጥፋት አይችልም፤ የበፊቱ ቢት ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። መጀመሪያ ሦስቱን ቢቶች በ& ~7 ማጽዳት፣ ከዚያ አዲሱን በኦር ማስገባት ግድ ነው።

አስተውሉ፤ ከግዕዝ ለተነሳ ሰው ኦር ሁልጊዜ ልክ ነው። «በ» 000 ስለሆነች ምንም ቢጨመርባት የተጠየቀው ይወጣል። ስህተቱ የሚደበቀውም በዚህ ነው። የቺፕ ሬጅስተሮች በአብዛኛው ከሪሴት በኋላ ዜሮ ናቸው፤ የመጀመሪያው መጻፍ ያለ እንከን ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ ተፈተነ፣ ተመሰገነ። ሁለተኛ ጊዜ ሲለወጥ ይበላሻል። በአትሜጋ 328ፒ የታይመር 1ን ፍጥነት የሚወስኑት ቢቶች በቲሲሲአር1ቢ ሬጅስተር የታችኛው ጫፍ ላይ ያሉ ሦስት ቢቶች ናቸው፤ አሰላለፋቸው ከፊደሉ ጋር አንድ ነው። 001 ሰዓቱን እንዳለ፣ 010 ለ8 ተካፍሎ፣ 011 ለ64፣ 100 ለ256፣ 101 ለ1024። በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ የነበረን ታይመር ለ8 ላካፍል ብሎ በኦር 010 የጨመረ ሰው ለ64 ያካፍለዋል፤ ካሰበው ስምንት እጥፍ ቀሰስ ብሎ ይሄዳል። ቡ ባ ሆነች ማለት ነው። ጽዳቱና ማስገባቱ ደግሞ በአንድ መስመር ይሁን፤ ለብቻ ከተጻፈ በመካከሉ ሦስቱም ዜሮ ይሆኑና ታይመሩ ለአፍታ ይቆማል።

ሪሌዩ የራሱ ጠባይ አለው። በገበያ የሚገኙት ብዙዎቹ የሪሌይ ሰሌዳዎች በግልባጭ ይሠራሉ፤ ቢቱ ሲጠፋ ሪሌዩ ይበራል። እንዲህ ከሆነ አነሳሱ ላይ ቅደም ተከተል ይጠበቅ፦ በቅድሚያ በፖርትዲ ቢቱን 1 ማድረግ፣ ቀጥሎ በዲዲአርዲ ፒኑን መውጫ ማድረግ። ተገልብጦ ቢሠራና በመካከል ሌላ ሥራ ቢገባ ፓምፑ መብራት በመጣ ቁጥር ሳይጠየቅ ይነሳል። ፒን 13 ላይ ደግሞ ሪሌይ ባይያያዝ ይመረጣል፤ የኡኖ ቡትሎደር ሲነሳ የዚያን ፒን አምፖል ያብለጨልጫል።

ጎረቤትነት በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ነው። |= ሦስት ሥራ ነው፤ ማንበብ፣ መለወጥ፣ መጻፍ። የጉድጓዱ ፍሎት በፒን 2 ስላለ ውሃ ሲያልቅ ኢንተራፕት፣ ማለትም ዋናውን ፕሮግራም አቋርጦ የሚገባ ሥራ፣ ሊጠራ ይችላል፤ ኢንተራፕቱ ፓምፑን ያጠፋል። ዋናው ፕሮግራም በዚያች ቅጽበት ፖርትዲን አንብቦ ሁለት አመልካች አምፖሎችን ሊያበራ ቢሆንስ? ያነበበው «ፓምፑ በርቷል» የሚለውን አሮጌ ቁጥር ነው፤ ኢንተራፕቱ መሃል ገብቶ አጥፍቶ ይወጣል፤ ዋናው ፕሮግራም አሮጌውን መልሶ ይጽፋል። ፓምፑ እንደገና በራ፤ የሚያጠፋው ኢንተራፕት ደግሞ ሥራውን ጨርሷል።

ኤቪአር ለዚህ ግማሽ መድኃኒት አለው። በመጀመሪያዎቹ 32 የአይኦ አድራሻዎች ላሉ ሬጅስተሮች፣ ማስኩ አንድ ቢት ብቻ ከሆነና ሲጠናቀር ከታወቀ፣ ኮምፓይለሩ |= የሚለውን ወደ አንድ የማይቆራረጥ ትእዛዝ ይለውጠዋል። የ328ፒ ፖርቶች ሁሉ በዚህ ክልል ናቸው። ሁለት ቢት በአንድ ጊዜ ሲበራ ግን ወደ ሦስቱ ሥራ ይመለሳል። የአርዱዊኖ ሜጋ ቺፕ የሆነው አትሜጋ 2560 ከፖርትኤች ጀምሮ ያሉትን ከክልሉ ውጭ ስላስቀመጣቸው ኡኖ ላይ ደህና የነበረ ፕሮግራም ሜጋ ላይ አልፎ አልፎ ይስታል። አልፎ አልፎ የሚስት ደግሞ ሁልጊዜ ከሚስት ይከፋል። መፍትሔው ለዚያች መስመር ኢንተራፕትን ዘግቶ መክፈት ነው፤ የኤቪአር ሲ ቤተ መጻሕፍት ለዚሁ የተዘጋጀ ማክሮ አለው።

አዳዲሶቹ ቺፖች ጥያቄውን ከሥሩ ነቅለውታል። በኤስቲኤም 32 ላይ አንድ ባለ 32 ቢት ሬጅስተር አለ፤ የታችኞቹ 16 ቢቶች ማብሪያ፣ የላይኞቹ 16 ማጥፊያ ናቸው፤ ዜሮ የተጻፈበት አይነካም። ኢኤስፒ 32ም ለማብራት አንድ፣ ለማጥፋት ሌላ ሬጅስተር ሰጥቷል። ማንበብ የለም፣ ስለዚህ በመካከል የሚገባም የለም። እዚህ = ትክክል ነው፣ |= ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በአሮጌዎቹ ፒአይሲ 16ኤፍ ቺፖች ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ አንድ ቢት ለማብራት ቺፑ የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ፒኑ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ነው። ጎረቤቱ ፒን ላይ ከባድ ጭነት ካለና ቮልቴጁ ከወረደ፣ የበራው ቢት ጠፍቶ ይጻፋል።

በ|= ላይ የመጨረሻው ቅሬታዬ ስለ ኢንተራፕት ምልክቶች ነው። አትሜጋ 32 የሁሉንም ታይመሮች ምልክት በአንድ ሬጅስተር ይይዛል፤ ምልክቱ የሚጠፋው 1 ሲጻፍበት ነው። አንዱን ለማጥፋት በ|= የጻፈ ሰው የበሩትን ሁሉ አንብቦ ሁሉንም 1 አድርጎ ይመልሳል፤ ሁሉም ይጠፋሉ። ለጎረቤት ሲባል የተማርነው ልማድ እዚህ ጎረቤቱን ይገድላል። በ= ብቻ ይጻፍ።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ። በኤቪአር ላይ የሲ መደበኛ ሙሉ ቁጥር 16 ቢት ነው፤ (1 << 20) ብሎ የጻፈ ከ1 በኋላ ረጅም መሆኑን የሚናገረውን ምልክት ይጨምር። ~ የሚለው ባለ ስምንት ቢት ቁጥርን ወደ 16 ያሰፋል፤ የ15 ግልባጭ ከ240 ጋር እኩል ነው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አይደለም ነው። & ከ== በኋላ ይሰላል፤ ፒንዲ & 4 == 4 ሲባል (ፒንዲ የፒኖቹ ማንበቢያ ሬጅስተር ነው) ኮምፓይለሩ 4 == 4 የሚለውን አስቀድሞ ስለሚመልስ በፒን 2 ፈንታ ፒን 0ን ይጠይቃል። የሲ ፈጣሪ ደኒስ ሪቺ ይህ ቅደም ተከተል ከሲ በፊት ከነበረው ቢ ቋንቋ ሲሸጋገር የቀረ ውርስ መሆኑን ራሱ ጽፏል። ቅንፍ አይወደድም።

በሲ ስትራክት ውስጥ ቢቶችን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ለዓይን ያምራል። ግን የመጀመሪያው ስም ከታች ይሁን ከላይ ቋንቋው ለኮምፓይለሩ ትቶታል። በአንድ ቺፕ፣ በአንድ ኮምፓይለር ለሚኖር ሥራ ይሁን፤ በሽቦ ወደ ሌላ መሣሪያ ለሚላክ ባይት ግን አልመክርም።

በመጨረሻ የሚነሳው አርዱዊኖ ራሱ የሰጠው «ዲጂታልራይት» የተባለው ትእዛዝ ነው። ወደ ሬጅስተር የወረዱ ተማሪዎች እንደ ጀማሪ መጫወቻ ይንቁታል፤ ቀጥታ መጻፍ ሁለት የቺፕ ሰዓት ዑደት ሲፈጅ እሱ በአሥሮች የሚቆጠር ዑደት ይፈጃልና። እውነት ነው። የፈጀበት አንዱ ምክንያት ግን ቢቱን ከመንካቱ በፊት ኢንተራፕት ዘግቶ፣ ሲጨርስ እንደነበረ ስለሚመልስ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንረሳውን ጥንቃቄ ያደርጋል። በ16 ሜጋኸርዝ አንድ ዑደት 62.5 ናኖሰከንድ ነው። በሰሌዳዎቹ ላይ ያለችው ሰማያዊ ሪሌይ ለመዝጋት እስከ 10 ሚሊሰከንድ ትወስዳለች፤ ይህም 160,000 ዑደት ነው። ለሪሌይ ሲባል ዲጂታልራይትን ትቶ ሬጅስተር መጻፍ ፍጥነት አይጨምርም። ሬጅስተር የሚያስፈልገው ብዙ ቢቶች በአንድ ቅጽበት አብረው መለወጥ ሲኖርባቸው፣ ወይም የታይመር ምልክት በማይክሮሰከንድ ሲቆጠር ነው፤ ያን ጊዜ የተዘረዘረው ጥንቃቄ ሁሉ የጻፊው ኃላፊነት ይሆናል።